የእትዬ ብርቄ አሸዋ

ባለፈው ሐሙስ ምሳ ላይ ምስር ወጥ ውስጥ ጠጠር ነከስኩ። ብታክል የሰናፍጭ ፍሬ ብታክል ነው። በዚህ ዕድሜዬ ግን የቀሩኝን ጥርሶች አንድ በአንድ ስለማውቃቸው፣ ቅርጭ ስትል ክው አልኩ። አያት ሰፈር፣ የልጅ ልጄ ቤት፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ማዕድ ከበን ተቀምጠናል። ምስሩን የለቀመችውም ወጡን የሠራችውም ሚስቱ ሰላም ናት። ከተጋቡ ገና አራት ወራቸው ነው፤ እኔ በጎረስኩ ቁጥር ፊቴን ታያለች።

«እማማ፣ ምነው? ምን ሆኑ?» አለችኝ።

ያ ድምፅ ስልሳ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄዶ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲያስደነግጠኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የወጣው ከጥርሴ ሥር ሳይሆን ከምላጭ ሥር ነበር።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። በከተማው ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ከበሽተኛ ሰውነት ተቆርጦ የሚመጣ ሥጋ በሚመረመርበት ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬን ስናገር ሰው ፊቱን ስለሚያጨማድድብኝ፣ ለብዙ ዘመድ «ቢሮ ነው የምውለው» እያልኩ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የወጥ ቤት ሥራ ይቀርበዋል። የመጣውን ቁራጭ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ በአልኮል ውሃውን አስወጣለታለሁ፣ ከዚያ የቀለጠ ሰም አጠጣዋለሁ። ሰሙ ሲረጋ የሻማ ጉማጅ መስሎ ቁጭ ይላል። እሱን መቁረጫው መሣሪያ ላይ አስሬ እጀታውን ሳዞር፣ ስንዝር ተኩል የሚሆነው ምላጭ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳስቶ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ቀለም ተነክሮ፣ ወደ ዶክተሩ ማይክሮስኮፕ ይሄዳል። ምላጩን የምስለውም እኔ ነበርኩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆዳ ላይ ሳመላልሰው እውላለሁ፤ ከእናቴ ቀጥሎ የማከብረው ያን ምላጭ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አለቃዬ ከባሕር ማዶ የመጡ አዛውንት ሐኪም ነበሩ። አማርኛውን የተማሩት ከበር ጠባቂዎቹ ስለሆነ፣ ወንድም ሴትም ለእሳቸው «አንተ» ነው። የነርሶቹን አለቃ ሜትረኗን እንኳ አንድ ቀን «አንተ ጎበዝ ነህ» ብለዋት ሳቃችንን የምናደርስበት አጥተናል። ቁጣ አያውቁም፤ ሲናደዱ መነጽራቸውን ይወለውላሉ እንጂ ድምፃቸው ከፍ አይልም።

ጠርሙሶቻችንን የምታጥብልን ደግሞ እትዬ ብርቄ ነበረች። ሰፈራችን የካ ነው፤ እኔ ሚካኤል አካባቢ ዘመድ ቤት ተጠግቼ፣ እሷ ከወንዙ ማዶ በራሷ ጎጆ። በየማለዳው አብረን ወርደን አውቶቡስ እንሳፈራለን። ዕድሜዋ ለእናቴ የሚቀርብ ቢሆንም፣ ስለተላመድን እንደ ታላቅ እህት «እትዬ» እያልኩ በአንቺ ነበር የማናግራት። እትዬ ብርቄ ከሳሙና ጋር ጠብ ነበራት። «ሳሙና ያሸታል እንጂ አያጸዳም» ትላለች። የምታምነው አመድንና ከሰፈራችን ወንዝ ዳር በጨርቅ ቋጥራ የምታመጣውን ድቅቅ ያለ አሸዋ ነው። ቤቷ ያለው ድስት ሁሉ በዚያ አሸዋ ታሽቶ ፊት ያሳያል። ዶክተሩ ጠርሙስ ይጭራል ብለው ከልክለዋታል። እሷም «እሺ ጌታዬ» ትልና ዞር ሲሉላት ታሻለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየ አልፋለሁ።

አንድ ልጅ አለቻት፣ አልማዝ የምትባል፣ ከእኔ ሁለት ዓመት የምትበልጥ። የመምህራን ማሠልጠኛውን ጨርሳ ልትቀጠር ስትል ለጤና ምርመራ ራጅ ተነሣች። ጉዱ የመጣው በዚያ ራጅ ነው። ጤነኛ ሳንባ ራጅ ላይ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። የአልማዝ ግን ጥቁር ጨርቅ ላይ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ያውም ሥር የሰደደ፣ ተባለ። ሥራው ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ተወጋች፣ የሚያቅለሸልሽ ክኒን በእፍኝ ዋጠች። በየጊዜው የምትነሣው ራጅ ግን ያው ነው፤ አልባሰም፣ አልተሻለም።

የዚያን ዘመን ሰው ያንን በሽታ ምን ያህል ይፈራው እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብደኛል። አልማዝ ከጓሮ ባለችው ክፍል ለብቻዋ ትተኛለች። ሳህኗ ለብቻ፣ ኩባያዋ ለብቻ ነው፤ ከሌላው ዕቃ ጋር እንዳይደባለቅ የኩባያው ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። እናቷ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣላት ትመለሳለች። አንድ ማለዳ አውቶቡስ ስንጠብቅ እትዬ ብርቄ፣ «ከሳምኳት ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለችኝ፣ ስለ ብርዱ እንደምታወራ ሁሉ። እኔ አውቶቡሱ መዘግየቱን አነሣሁባት።

በጥቅምት የዓመት ዕረፍት ወጣሁ። አልማዝ እንጦጦ ማርያም ጠበል ልትሄድ ስለሆነ እትዬ ብርቄ አብሬያት እንድወጣ ለመነችኝ፤ መንገድ ላይ ብትወድቅ የሚያነሣት ሰው እንዲኖር ነው። ማክሰኞ ማለዳ ተነሣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፣ አደይ አበባው አልረገፈም፣ ባሕር ዛፉ ጤዛውን ጫንቃችን ላይ ያራግፍብናል። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ። ከሸክማቸው ሥር ፊታቸው አይታይም፤ አንዷ በኦሮምኛ ስትጀምር ሌላዋ በአማርኛ ተቀብላ ይቀላለዳሉ።

ነገሩ የገረመኝ ዳገቱ ሲጀምር ነው። እኔ ጤነኛዋ በየመቶ እርምጃው አንድ ዛፍ አቅፌ አለከልካለሁ። አልማዝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትቀድመኛለች፣ ዞር ብላ ትጠብቀኛለች፣ መልሳ ትቀድመኛለች። «አስቴር፣ ጠበሉ ለአንቺ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። አልፎ አልፎ ደረቅ ሳል ያስላታል፤ ከዚያ ትቀጥላለች። ልትሞት ነው ተብላ ሁለት ዓመት በር የተዘጋባት ልጅ ናት እንግዲህ ይቺ።

ስንመለስ ራጉኤል ግቢ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከተማው ከታች ጭሱን ለብሶ ተኝቷል። አልማዝ ቋጠሮዋን ፈትታ ሱፍ የገባበት የገብስ ቆሎ አወጣች። በኮዳ ከያዘችው ጠበልም በዚያች ቀይ ክር ባለባት ኩባያ ቀድታ አጠገቤ አኖረች።

«እንኪ፣ ቅመሺ» አለች እፍኟን ዘርግታ።

ርቦኝ ነበር። እጄ ግን አልታዘዘኝም።

«ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

«ማክሰኞ?»

«የንስሐ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ብዙ ኃጢአት አለብሽ ማለት ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። ቆሎውን መልሳ ቋጠረች፤ እሷም ሳትቀምሰው ወረድን።

ዕረፍቴን ሳልጨርስ ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ ያየሁትን ነገርኳቸው። የአልማዝን ራጆች አስመጥተው መስኮቱ ብርሃን ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው።

«ይህ ሳንባ ተራራ አይወጣም» አሉ።

«ወጥቷል፣ ዶክተር። እኔን ጥሎኝ ነው የወጣው።»

መነጽራቸውን ወለወሉ። «እንግዲህ ሳንባውን ራሱን መጠየቅ ነው። ትንሽ ቆርጠን እናየዋለን።»

ትንሽ ቆርጦ ማየት ማለት ያኔ በሁለት ጎድን መካከል ገብቶ ደረትን መክፈት ነው። እትዬ ብርቄ ጭንቅ ያዛት። ልጅቷ ተኝታ ባትነቃስ? «አንቺ ብትሆኚ ትፈቅጂያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሃያ አንድ ዓመት ሰው መልስ አይቸግረውምና «እንዴታ!» አልኳት። በእኔ ቃል ፈቀደች።

ኅዳር ላይ ሐኪሞቹ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቁራጭ አወጡ። አልማዝም በደህና ነቃች። ቁራጩ በጠርሙስ ሆኖ እኔ ዘንድ መጣ። እንደ ልማዳችን ግማሹን ፎርማሊን ውስጥ አስቀርቼ ግማሹን በሰም አዘጋጀሁት። በሦስተኛው ቀን መሣሪያው ላይ አስሬ እጀታውን አዞርኩ።

ቅርጭ አለ።

ከምላጩ ሥር እንደ ጥብጣብ መውጣት የነበረበት ሰም ተሸረካክቶ ወጣ። ደግሜ ባዞር ደግሞ ጮኸ። ምላጩን ነቅዬ በብርሃን ሳየው፣ ያ ስንት ዓርብ የደከምኩበት ስለት ጥርስ አውጥቶ መጋዝ ሆኗል። ጣቴን ሰሙ ላይ አሳረፍኩ። አሸዋ ነው።

እትዬ ብርቄ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። «ብርቄ!» ብዬ ጮህኩባት። እትዬ ሳልል የጠራኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያን የአልማዝን ጠርሙስ በምን አጠብሽው?»

እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«በአሸዋ ነው አይደል?»

«የልጄ ነው ብዬ…» አለች። «ለልጄ ነው ብዬ አጥብቄ አሸሁት። ሦስት ጊዜ።»

«በቃ፣ አበላሸሽው! አሁን ደረቷ እንደገና ሊከፈት ነው። በአንቺ አሸዋ!»

ሌላም ጨምሬአለሁ፤ እሱን ረስቼው ቢሆን ደስ ባለኝ። እትዬ ብርቄ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወረደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። መዳፎቿን ገልብጣ ገልብጣ ታያቸዋለች። እኔም እዚያው ትቻት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ማለዳ ምላጩን ለዶክተሩ አሳየኋቸው። ጥፋቱን ሁሉ በእትዬ ብርቄ ላይ አድርጌ ነው የነገርኳቸው፤ ስታሽ እያየሁ ዝም ማለቴን አላነሣሁም። አዳመጡኝና «በመጀመሪያ የተሸረካከተውንም ቢሆን ቀለም ነክረህ አቆየው፣ ያስቀረኸውን ግማሽ ደግሞ አምጣ» አሉኝ።

«አሸዋው ከጠርሙስ ከሆነ ላዩ ላይ ነው። እጠበው።»

አጠብኩት። አሥር ጊዜ ውሃ ቀየርኩለት። ዶክተሩ በሁለት ጣታቸው ያዙትና ቀስ ብለው አሹት፤ ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝ። ልስልስ ማለት የነበረበት የሳንባ ሥጋ በጣቶቼ መካከል ይንኮሻኮሻል። አሸዋው ከውስጥ ነበር።

ይህም ልቤን አላሳመነውም። ዶክተሩም ሁለት ብልቃጥ አስመጡ። በአንዱ ቁራጩን፣ በሌላው ከእትዬ ብርቄ ቋጠሮ አንድ ቁንጥር አሸዋ አድርገው በሁለቱም አሲድ ጨመሩበት። «አሸዋ አሲድ አይፈራም» አሉ። «አጥንት የመሰለ ድንጋይ ግን ይፈራል።» ብልቃጦቹ ሁለት ቀን መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ብርቄ ወለሉን ስትወለውል በፊታቸው ታልፋለች። የራሷን አሸዋ ተከሶ ቆሞ ታየዋለች። ያን ሰሞን ጠርሙስ የምታጥበው በሳሙና ብቻ ነበር። የሳምንቱን ሳሙና በሁለት ቀን ጨረሰችው።

በሦስተኛው ቀን አሸዋው እንደ ነበረ አለ። ቁራጩ ግን ለስልሷል። በሰም አዘጋጅቼ፣ ምላጩን እንደገና ስዬ ስቆርጠው አንዲት ድምፅ አላሰማም። ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

ሳንባ አየር የሚገባባቸው የትናንሽ ከረጢቶች ክምችት ነው። ጤነኛ ሲሆን ከረጢቶቹ እንደ እንጀራ ዓይን ባዶ ናቸው። የአልማዝ ግን በየከረጢቱ ውስጥ አንድ አንድ ክብ ድንጋይ ተቀምጦበታል፤ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደራረበ፣ አግድም የተቆረጠ ሽንኩርት የሚመስል ድንጋይ። አሲዱ ጥንካሬውን ወስዶ ቅርጹን ትቶልናል። ነቀርሳ ያለበት ሳንባ ላይ የማውቀው እብጠት የለም። ዶክተሩ በልዩ ቀለም የነቀርሳውን ተሕዋስ ፈልገው እሱንም አጡት።

«ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ» አሉ። «ሰውነት ራሱ የሚሠራው ድንጋይ ነው። መድኃኒት የለውም። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከሰው ወደ ሰውም አያልፍም።»

«አይጋባም?»

«አይጋባም። አንተ ከእሱ ጋር መብላት ትችላለህ።»

ስለ ቆሎው ነግሬያቸው አላውቅም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እትዬ ብርቄን ራሳቸው ጠሯት። ያን ማይክሮስኮፕ ለስንት ዓመት አቧራውን ስትጠርግለት ኖራ ዓይኗን አድርጋበት አታውቅም። አጎነበሰች።

«ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«የተከተፈ ሽንኩርት» አለች።

ዶክተሩ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው አስረዷት። ምን ያህሉ እንደገባት እንጃ፤ «አይጋባም» የምትለዋን ቃል ግን ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። ከዚያ ባልዲዋን ክፍሉ መሃል ትታ ወጣች። አልማዝ የተኛችበት ክፍል ነርስ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ እጇን ስማ ስማ አልጠግብ ብላ፣ ቁስሉን እንዳትነካባት በግድ ነው ያስለቀቋት።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ ብርቱካን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አልማዝ ከጓሮ ወጥታ ዋናው ቤት መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ስትስቅ ስፌቱ ስለሚወጥራት ጎኗን በእጇ ደግፋ ነው የምትስቀው። ኩባያዋ ከሌሎቹ ኩባያዎች ጋር መደርደሪያው ላይ ናት፤ ክሩ ተቆርጧል። አልማዝ ከጎኗ ካለው ሰፌድ ቆሎ ዘግና ዘረጋችልኝ።

«ዛሬስ ጾም ነው?» አለችኝ።

አፍሬ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከእፍኟ ቆሎውን አንድ ሳላስቀር ወሰድኩ። ውሃም ጠየቅኳት፤ በዚያችው ኩባያ ሰጠችኝና እስከ ጠብታዋ ጠጣሁ። እንባዬ ከውሃው ጋር ነበር የሚወርደው።

ስወጣ እትዬ ብርቄ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እዚያ ስንደርስ እጄን ይዛ አስቆመችኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ከዚያ ሁሉ አሸዋ ውስጥ የእኔ የለበትም?»

«አንዲት ፍሬ የለበትም፣ እትዬ» አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አገጬን ይዛ ሳመችኝና ገባች።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ልናገረው። ዶክተሩ ቀለም ንከርና አቆየው ያሉኝን የመጀመሪያውን ሽርክትክት አስቀድሜ ብቻዬን አይቼው ነበር። የአልማዝ ድንጋዮች ክብ ናቸው፣ በየከረጢታቸው የተቀመጡ። ከሥጋው ጠርዝ ላይ ግን ሁለት ሦስት ማዕዘናቸው የሾለ ፍንካቾች ነበሩ፤ የወንዝ አሸዋ። ምላጬን የበላው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ያን መስታወት ለዶክተሩ ሳላሳይ ሰበርኩት። ለአንድ ሠራተኛ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዶክተሩ ቢያውቁ ኖሮ መነጽራቸውን ሲወለውሉ በዋሉ። ይቅርታ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ያን ቀን አጥሩ ሥር የሰጠኋት መልስ ይቅርታዬ ነበር፤ ይበቃ እንደሆነ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

አልማዝ ሥራዋን አገኘች። እዚያው የካ ብዙ ዓመት አስተማረች፤ ስታስተምር ድምፅዋ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እያደር ትንፋሽ አጠራት። ያን የእንጦጦ ዳገት መጀመሪያ እያረፈች፣ በኋላም በእኔ ክንድ ተደግፋ ነበር የምትወጣው። አምሳ ዓመቷን ሳትደፍን አረፈች። እትዬ ብርቄ ቀድማት ስለነበር ልጇን ከመቅበር ተረፈች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያ ድንጋይ በእናትም በአባትም ደም ተይዞ ለልጅ እንደሚደርስ አነበብኩ። እትዬ ብርቄ ብትሰማ መልሳ እጄን ይዛ «ከእኔ ነው ወይ?» ማለቷ አይቀርም ነበር። ሳትሰማው በመሄዷ አምላኬን አመሰገንኩ።

«እማማ፣ ጠጠር አለው እንዴ?» አለች ሰላም። ፊቷ ተለዋውጧል። የልጅ ልጄም ጉርሻውን ይዞ ወደ እሷ ዞሯል። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ፤ ማን ለቀመው ሊል ነው። ጠጠሯን በምላሴ ወደ ጉንጬ ገፋኋት።

«ጥርሴ ነው፣ የኔ ልጅ፤ አርጅቶ እርስ በርሱ ይጋጫል» አልኳት። «ምስርሽ አንዲት ጠጠር የለበትም።»

ከዚያ ደግሜ ጎረስኩና አብሬ ዋጥኳት።